ስትወለድ ያየ ሰው

መስከረም 14

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ የሽመና ፋብሪካ ጆሮዎን ባይበላብን ኖሮ ይሄን ሁሉ በስልክ አወራዎት ነበር። እውነቱን ልናገር ካሉ ግን ለእኔ ደብዳቤው ይሻለኛል፤ መሀል ገብቶ የሚያቋርጠኝ የለም። እኛ ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት። ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ሰላምታችን ተሰብስቦ ይድረስዎ።

ዛሬ የምጽፍልዎት ደስ ብሎኝ ነው። ሱቄን ያውቋታል፣ ከመዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ያለችውን፣ ፎቶ ማንሻና ፎቶ ኮፒ። አምና ልዘጋት ነው ብዬ አልቅሼልዎት አልነበር? አሁን ቢያዩኝ አያውቁኝም። አዲስ ሕግ ወጥቷል። ከእንግዲህ አዲሱን መታወቂያ ካርድ ያልያዘ ሰው አይመርጥም፤ የድሮው ወረቀትም፣ «አውቀዋለሁ» የሚል ጎረቤትም አይሠራም። ካርዱ ጉርድ ፎቶ ይፈልጋል፣ ጉርድ ፎቶ ደግሞ እኔ ጋ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሰልፉ በሬ ላይ ነው። መመሪያው ጆሮ ይታይ፣ ጥርስ አይታይ ይላል። የእኛን ሠፈር ሰው ጥርስህን ደብቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እርስዎ አያጡትም። ልብስ ሰፊውን አምስት ጊዜ አነሳሁት፣ አምስቱንም ጊዜ ሳቀብኝ። በስድስተኛው «ሚስትህ መጣች» አልኩት፤ ያኔ ቀጥ አለልኝ።

የእማዬን ነገር ደግሞ ልንገርዎት። የልደት ወረቀት የሌለው ሰው፣ ሲወለድ ያየው ሰው ቀርቦ ከፈረመለት ይበቃል ተብሏል። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ያለው መንደራችን የልደት ወረቀት የሚባል ነገር መቼ ያውቃል? ሁሉም የተወለደው በየቤቱ፣ በእማዬ እጅ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አዋልዳለች፤ ሲወለድ ያየ ሰው ከተባለ ያቺው እሷ ናት። ደብተሮቿን ከሣጥን አወጣች። ቀን ብቻ የጻፈች መስሎኝ ነበር። «ማክሰኞ፣ ዝናብ፣ ወንድ፣ በእግሩ የመጣ፣ አባት ደጅ ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ» ብላ ታነባለች። ሰው ሁሉ የራሱን መስመር ለመስማት ይመጣል። ሥጋ ሻጩ፣ ያ በር የማይበቃው ሰውዬ፣ «ወንድ፣ ከጫማ ያነሰ፣ ይተርፋል አልልም» የሚል ሲነበብለት ሱቄ ውስጥ የነበረው ሁሉ ግድግዳ ይዞ ሳቀ።

እስከ ዛሬ ለስልሳ አንድ ሰው ፈርማለች። መቼም ያውቋታል፣ ምርጫ በመጣ ቁጥር ከሰልፉ አንደኛ ካልሆነች እንጀራ የማይወርድላት ሰው ናት። ዘንድሮ «ስልሳ አንድ ልጆቼን አስከትዬ ነው የምሄደው» እያለች ታቦካለች።

አንድ ነገር ልለምን። ፎቶ በመቀስ እየቆረጥኩ ጣቴ አበጠ። እዚያ በእጅ የሚጫኑት መቁረጫ አለ ይባላል፤ ትንሽዬው ይበቃኛል።

እርስዎ ባወጡልኝ ስም፣
ሬዲዮዋ


ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለሬዲዮዋ፣

ከሩቅ የምትሳሚ ሁኚ። ቤትሽ አይጉደል፣ እጅሽ አይድከም።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ለወሬው አንዴ ለሳቁ። ስስቅ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ወለሉን መቱብኝ መሰለኝ፤ መብራቱ ሲወዛወዝ ነው ያወቅኩት። መቁረጫውን ልኬልሻለሁ። ስለቱ ክፉ ነው፤ እያወራሽ አትጠቀሚበት፣ ያለ ጣት ትቀሪያለሽ።

እዚህ ብርዱ ገብቷል። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጠዋት ተነስቼ የፋብሪካው አውቶቡስ የሚቆምበት ድረስ እሄድና ትዝ ሲለኝ እመለሳለሁ። ያቺ ጎረቤቴ ባገኘችኝ ቁጥር ዕድሜዬን ትጠይቀኛለች፤ ሰው ምን አገባው።

እህቴን ሳሚልኝ። ስልሳ አንድ አልሽኝ? ልጅ ሆና የጎረቤት ጫጩት ሁሉ ሰብስባ እናታችንን ታስፈራ ነበር። አልተለወጠችም።

አክስትሽ


ኅዳር 8

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ብርዱ አይክፋብዎ፣ ጤና ይብዛልዎ። መቁረጫው ደርሷል። ጠረጴዛዬ ላይ ሆኖ ሲያዩት የዳኛ መዶሻ ይመስላል። አንዴ ስጫነው አራት ፎቶ እኩል ወጣ፤ ከደስታዬ የራሴን አሥራ ሁለት ፎቶ ቆረጥኩ። አንዱን በዚህ ፖስታ አድርጌልዎታለሁ፤ ጥርሴ ስለሚታይ ለካርድ አይሆንም።

ትንሽ ነገር ገጥሞናል፤ ትንሽ ናት፣ አይደንግጡ። መዝገብ ቤት ማህተም የሚመታው ሰውዬ፣ እኛ ማህተሜ የምንለው፣ እማዬን አስጠራት። ምስክር የሚሆን ሰው ራሱ አዲሱ ካርድ ሊኖረው ይገባል አላት። እማዬ ለሌላው ሰው ስትሯሯጥ የራሷን ረስታ ኖሯል። እሺ ይሰጠኝ አለች። የልደት ወረቀት የለዎትም፣ ስለዚህ ሲወለዱ ያየዎት ሰው ያምጡ አላት። ያየው ሰው ደግሞ ማስታወስ በሚችል ዕድሜ ላይ የነበረ፣ ቢያንስ በሰባት ዓመት የሚበልጥ መሆን አለበት። እማዬ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። «እኔን በሰባት ዓመት የሚበልጡኝ ሰዎች የት እንዳሉ ታውቃለህ፤ ማህተምህን ይዘህ ወደ መቃብር ውረድ» አለችው። ሰውዬው አልተቆጣም፤ መመሪያውን ገልብጦ አሳያት።

ቤት እስክንደርስ ስትነጫነጭ መጣች። ከዚያ የቤቱን በር እየከፈተች ቁልፉ ላይ እንደቆመች ሳቀች። «ሞኝ ነኝ እኮ» አለች። «እህት አለችኝ። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ስወለድ ውኃ ያቀበለችው እሷ ናት።»

ስለዚህ ፎርሙን ልኬልዎታለሁ። እዚያ ባለው ቆንስላችን ፓስፖርትዎን ይዘው ቀርበው ይማላሉ፣ እነሱ ማህተም ያደርጉበታል፤ በቃ። ምዝገባው የሚዘጋው የካቲት 30 ነው፤ ጊዜ ሞልቶናል። አንድ ፊርማ ለስልሳ ሁለት ሰው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ እርስዎን እየመረቀ ነው። የፋብሪካውን ፍሳሽ ከመንደሩ አስወጣለሁ የሚለው ተወዳዳሪ ለምክር ቤቱ ቀርቧል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ በዚያ ፍሳሽ ላይ እየተራመዱ ነው ልጆቻቸውን ያሳደጉት። ዘንድሮ ምርጫውን እንደ ሠርግ ነው የሚጠብቁት።

ሬዲዮዋ


ታኅሣሥ 15

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለቤቱ። ፎቶሽ ደርሶኛል፤ እናትሽን መስለሻል፣ አፍሽ ብቻ የራስሽ ነው። መስታወቱ ጥግ ላይ ሰካሁት።

ፎርሙም ደርሷል። ሰሞኑን ጉልበቴ አስቸግሮኝ ከቤት አልወጣሁም። ቆንስላው ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። መንገዱ በረዶ ነው፣ እኔ ዕድሜው የገፋ ሰው ወድቆ ሲሰበር አይቻለሁ።

እስኪ ሌላ ሰውም ፈልጉ። ከግድግዳችን ቀጥሎ የነበረችው ዳቦ ጋጋሪዋ አለች አይደል? እሷ እኔንም ትበልጠኛለች፤ እናትሽ ስትወለድ እዚያው ነበረች። የሷ ፊርማ ቅርብ ነው፣ ከእኔ ይሻላችኋል።

ላምባውን አጥፍቼ ልተኛ። አይ ላምባ፤ እጄ የድሮውን ጻፈ። ሳሚልኝ።

አክስትሽ


ጥር 9

ለማከብርዎት አክስቴ፣

ጉልበትዎን ፈጣሪ ያቅናልዎ። እማዬ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል ቅባት ተቀብቶ በጨርቅ ይታሰር ትላለች፤ አዋላጅ ስለሆነች ሁሉንም በጨርቅ ነው የምታክመው።

አክስቴ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ። ያኔ ጽፌልዎት ነበር። እርስዎም የሐዘን ደብዳቤ ለልጆቿ ልከዋል፤ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፣ ሁሉም አልቅሰዋል። ዕድሜ ያስረሳል ብዬ ለእማዬ አልነገርኳትም።

የሌላም ሰው በር አንኳኩተናል። እማዬን በሰባት ዓመት የሚበልጥ በዚህ ሠፈር ሦስት ሰው ነው ያለው። አንደኛው ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ሁለተኛዋ እማዬን ራሷን «አንቺ ማነሽ» አለቻት። ሦስተኛው፣ ጡረተኛው ዘበኛ፣ ስትወለድ አይቻለሁ ብዬ እምላለሁ አለ፤ ደግ ሰው ነው። እማዬ ግን «ያላየኸውን አይቻለሁ አትበል፤ እኔ ለስልሳ አንድ ሰው የፈረምኩት አይቼ ነው» ብላ መለሰችው። እኔ ብሆን ባስማልኩት።

ሥራው ቀዝቅዟል። ወረቀት ያለው ሁሉ ፎቶውን ተነስቶ ካርዱን ወስዷል። አሁን ሱቄ የሚመጡት የእኛ መንደር ሰዎች ናቸው፤ ፎቶ ሊነሱ ሳይሆን ፖስታ መጣ ወይ ሊሉ። ፖስተኛው ከማዕዘኑ ብቅ ሲል ልብስ ሰፊው መኪናውን ያቆማል፣ ሥጋ ሻጩ ቢላውን ያስቀምጣል። ፖስተኛው አፍሮ በሌላ መንገድ መሄድ ጀምሯል።

እባክዎ በረዶው ሲቀልጥ ይሂዱልን። የታክሲውንም ቢሆን እኔ ከዚህ የምችለውን እልካለሁ።

ሬዲዮዋ


የካቲት 3

አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልስ ሳይመጣ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

ለስልሳ አንዱም ሰው ደብዳቤ መጣ። የምስክራቸው ካርድ እስከ የካቲት 20 ካልቀረበ ፋይላቸው ውድቅ ይሆናል ይላል። የእማዬ ብቻ እስከ 30 በእንጥልጥል ይቆያል። ደብዳቤው አንድ ዓይነት ነው፤ ስልሳ አንድ ጊዜ ፎቶ ኮፒ አድርጊልን ብለው እኔው ጋ ነው የመጡት፣ ማስረጃ እንዲሆናቸው። ስልሳ አንድ ጊዜ አነበብኩት። ልብስ ሰፊው «ሊቆጥሩን መስሎን ተሰለፍን፤ ለካ ሊቀንሱን ነው» አለ፤ በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

ከኅዳር ወዲህ እማዬ ስለ እርስዎ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችም። «እህቴ ታማ ነው» ትላለች። እኔ ግን ልጠይቅዎት። ታመው ነው? ከታመሙ ይጻፉልኝ፣ እንዳላስቸግርዎት። ካልታመሙም ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 10

ልጄ፣

ሰላምታ ማብዛት ዛሬ አፌ ላይ አልመጣም፤ ፈጣሪ ይጠብቅሽ።

አልታመምኩም። ጉልበቴም ቢሆን እንዳልኩሽ አልነበረም። ፎርሙ ከኅዳር ጀምሮ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ ምሳዬን ከጎኑ ነው የምበላው።

ወደዚህ ስመጣ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሠራተኛ የሚመለምለው ሰውዬ ከሠላሳ በላይ አልወስድም አለ። ፓስፖርት ሳወጣ የተወለድሽበት ዓመት ሲሉኝ አሥራ ሁለት ዓመት ቀንሼ ነገርኳቸው። ያኔ ወረቀት የሚጠይቅ አልነበረም፤ ያልኳቸውን ጻፉ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ተሳፈርኩ። ዛሬ ሰባ አራት ነኝ፣ በወረቀት ግን ስልሳ ሁለት። እናትሽ ስልሳ ስድስት ናት። በወረቀት የእናትሽ ታናሽ ነኝ። ስትወለድ አይቻለሁ ብዬ የምምልላት እኔ፣ በወረቀት ያን ቀን ገና አልተወለድኩም።

ሳልቀጣ የቀረሁ እንዳይመስልሽ፤ ቅጣቱን ቀምሼዋለሁ። እዚህ ጡረታ የሚወጣው በወረቀት ነው። ሌላው በስልሳው ሲያርፍ እኔ እስከ ሰባ ሁለት ዓመቴ ማሽን ፊት ቆምኩ። ልጃገረዶቹ «ለስልሳ ዓመቷ እንዴት ተጎድታለች» ሲባባሉ ጆሮዬ ባይሰማም ከንፈራቸውን አነብ ነበር። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቢታወቅ መኖሪያ ፈቃዱም ጡረታውም ይሄዳል፤ በዚያች ውሸት ላይ ነው የቆሙት። ሁለት ወር ሙሉ የፈራሁት ይሄን ነው። አንቺን ዳቦ ጋጋሪዋን ፈልጊ ስልሽ መሞቷን አውቅ ነበር። ይቅር በይኝ።

ደብዳቤሽ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ፤ ያውም ዘንድሮ ፈጥኖ መጣ። ከሰዓት ሄድኩ። የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴን ከሻንጣዬ ገበር ፈትቼ አወጣሁ፤ ትክክለኛው ዓመቴ ያለው እሱ ላይ ነው። የቆንስላው ልጅ ፓስፖርቱንና ምስክር ወረቀቱን ጎን ለጎን አስቀመጠና ሁለቱን ዓመቶች በጣቱ አነጻጸረ።

«እናቴ፣ የቱን ልመን?» አለኝ፤ እንድሰማው ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ ዞር አለ።

«ያረጀችውን» አልኩት።

ዕድሜዬን አስተካከለና መሐላዬን ተቀበለ። ማስተካከያውን ለዚህ አገር መኖሪያ ፈቃድ ቢሮ ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ ነገረኝ፤ እየነገረኝ ዓይኔን ማየት አቃተው። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለልሽ፤ በፍጥነት መልእክት ነው የላክሁት።

በሕይወቴ አዝዤሽ አላውቅም፣ ይሄን አዝዝሻለሁ። እናትሽ እንዳታውቅ። ብታውቅ ካርዱን ይዛ ትመልስላቸዋለች፤ አንቺም ታውቂያታለሽ። እኔ እስክልሽ ድረስ አፍሽን ያዢ። ላንቺ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ።

አክስትሽ


መጋቢት 5

ለምወድዎት አክስቴ፣

ደብዳቤዎን ሱቁን ዘግቼ፣ የፎቶ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ አነበብኩት። ያን ፋብሪካ እስከ ሰባ ሁለት። አፌን እይዛለሁ፣ ቃሌ ነው።

እማዬ ካርዷን አግኝታለች። ማህተሜ ወረቀትዎን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው፣ ምንም አላገኘበትም። እማዬ ፊርማዎን በጣቷ እየነካች «የኔ እህት መች ጥላኝ ታውቃለች» አለች። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ፎቶዋ ላይ ጆሮዋ ወጥቷል፣ ፊቷ እንደተቆጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ የሠፈሩ ሕፃን ሁሉ ካርዱን አሳዩኝ ብሏል።

የስልሳ አንዱ ፋይል ተዘግቷል። እማዬ ካርዷን በወሰደች በሰዓቱ ደብተሮቿን ተሸክማ ተመልሳ ገባች። አሁን ካርድ አለኝ፣ ልፈርም አለችው። ውድቅ በሆነ ፋይል ላይ አይፈረምም አላት። አዲስ ፋይል ይከፈት አለች። ምዝገባ አብቅቷል አላት። ለእሱ ሁሉም ነገር የተጻፈ ነው። ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ከምራ ትታቸው ወጣች፤ በማግስቱ እኔ ሄጄ አመጣኋቸው፣ ማህተሜ ራሱ በላስቲክ ጠቅልሎ ጠብቆኛል።

እዚያ ምን እያደረጉብዎት ነው? ይጻፉልኝ።

ሬዲዮዋ


ሚያዝያ 2

ልጄ፣

ደህና ነኝ። ቢሮው ጠርቶኝ ነበር። አስተርጓሚዋ በወረቀት እየጻፈች ታሳየኛለች። ጡረታዬ እስኪጣራ ታግዷል። መኖሪያ ፈቃዱን በሚመለከት ይጽፉልኛል። ለጎረቤቴ ዕድሜዬን ነገርኳት፤ ደስ ሲላት ብታዪ። የልጆቿን ልብስ እጠግናለሁ፣ ምሳ ታበላኛለች። ስለ እኔ አታስቢ።

በ20 ይዘጋል ብለሽኝ ነበር። ወረቀቴ የደረሰው በስንት ነው? በመጋቢቱ ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ የለበትም።

እህቴ ለምርጫው ምን እያለች ነው?

አክስትሽ


ግንቦት 22

ለምወድዎት አክስቴ፣

ፈጣሪ ከእርስዎ ጋር ይሁን። የጠየቁኝን ቀን አልጽፍልዎትም። ሌላ ማንኛውንም ነገር ይጠይቁኝ።

ምርጫው ትናንት ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ጠዋት ተነስታ፣ ጫማዋን ጠርጋ፣ ካርዷን በጡቷ በኩል አድርጋ ወጣች። እኔም ሆስፒታል ስለተወለድኩ፣ የልደት ወረቀት ኖሮኝ ካርድ ስላወጣሁ፣ አብሬያት ነበርኩ። ምርጫው ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። በሩ ላይ ካርድ የምታየዋ የአስተማሪው ልጅ ናት፣ እማዬ ያዋለደቻት፤ አባቷ በጊዜው ስላስመዘገባት ሁሉ ነገሯ ሙሉ ነው። እማዬን ስታይ ተነስታ «አዛውንት አይሰለፉም፣ ይግቡልኝ እናቴ» አለቻት። እማዬ ዞር ብላ ወደ መንገዱ አየች። ከመንደራችን የመጣ ማንም አልነበረም። ለወትሮው ከኋላዋ የሚንጫጩት ሁሉ በየደጃቸው ነበሩ።

በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ልታርፍ መስሎኝ ነበር።

«ልጆቼ ሳይገቡ አልገባም» አለች።

መጀመሪያ ቀልዳ መስሎኝ አሾፍኩባት። ከዚያ ለመንኳት። እኔ ገብቼ መርጬ ወጣሁ፣ አሁንም እዚያው ናት። እኩለ ቀን ላይ ወሬው ደርሷቸው ልብስ ሰፊውና ሥጋ ሻጩ መጡ። ልብስ ሰፊው «ከዚህ መንደር ከልጅዎ ሌላ አንድ ሰው እንኳ ይቆጠር፣ እማማ፤ ካልሆነ የለንም ማለት ነው እኮ» አላት። «የላችሁም አሉ እንዴ፤ እኔ ነኝ እንዴ ያልኩት» አለችው። ሥጋ ሻጩ ጭራሽ ተንበረከከ። ተነስ፣ ሱሪህን አታበላሽ አለችው። ደብተር አልያዘችም፤ ሁሉንም በቃሏ ነው የምታውቀው። ለበሩ ልጅ የአንድ የአንዱን ቀን ትነግራታለች፣ ዝናቡን፣ በእግር መምጣቱን። ልጅቷ እያዳመጠች ካርድ ታያለች፣ ካርድ እያየች ታለቅሳለች።

አክስቴ፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ደብዳቤዎ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ትነሳ ነበር፤ እርስዎ ይሄን ያህል የከፈሉበትን ካርድ ይዛ ድንጋይ ላይ አትውልም፣ አውቃታለሁ። ወይም ደግሞ እርስዎ እንዳሉት ካርዱን ይዛ ትመልስላቸው ነበር። የቱ እንደሚሆን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሳሰላስል ቆየሁ። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ቃል ገብቻለሁና ዘጋሁት። በሕይወቴ አንዴ ዝም አልኩ፣ እሱም ለዚህ ሆነ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተዘጋ። ካርዷን ከጡቷ አውጥታ እንኳ አላየችውም። ክንዷን ይዤ ወደ ቤት መጣን።

ዛሬ ውጤቱ ተለጠፈ። የፍሳሹ ሰውዬ በአርባ ሦስት ድምፅ ተሸንፏል። ሱቄ አልተከፈተም።

እንግዲህ ይንገሩኝ። ልንገራት ወይስ ልዝጋው? እርስዎ ያሉትን አደርጋለሁ። አሁንስ ምርጫውም አለፈ።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 18

ልጄ፣

ደግ አደረግሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ትእዛዙም የእኔ ነበር። የካቲት ሠላሳ ቀን አለው፤ ወረቀቴ ከሃያው በኋላ መድረሱን አንቺ ባትጽፊልኝም ቆጥሬ ደርሼበታለሁ።

አሁን እናትሽን ጥሪያትና አጠገብሽ አስቀምጪያት። የየካቲቱን ደብዳቤ ሙሉውን አንብቢላት፣ አንድ መስመር እንዳትዘልዪ። ከጨረሽ በኋላ ይሄን ቀጥይ። ከዚህ በታች ያለው የሷ ነው።

እህቴ፣

ሰማሽ አይደል። አትነሺ፣ ቁጭ በይና ጨርሺው። ወደ መዝገብ ቤት የምትሄጂ ከሆነ ማህተሜ ለእኔ የሚመልሰው ነገር የለውም።

እነዚያ ሰዎች ከደጅ የቀሩት በሕጉ ብቻ አይደለም፣ እኔ ስለዘገየሁም ነው። ይሄን ለልብስ ሰፊውም ለሥጋ ሻጩም ንገሪያቸው፤ ስሜን አትሸፍኚ። አንቺ ግን የደከምኩበትን ካርድ ይዘሽ ድንጋይ ላይ ዋልሽ። ልጅ ሆነሽም እንዲሁ ነበርሽ፤ ጎረቤት ያልበላ ከሆነ አልበላም ትዪና እናታችን የሁላችንንም ታነሳው ነበር። ያኔም የጠገበ አልነበረም።

ቢሮው ጽፎልኛል። በመስከረም ተመለሺ ይላል። ይግባኝ አለ ይላሉ፣ አልጠየቅኩም፤ ደክሞኛል። ስለዚህ ትልቁን አልጋ አጽጂልኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ ፋይሎቹ እንደገና ሲከፈቱ ደብተርሽንና ካርድሽን ይዘሽ የመጀመሪያው ቀን ላይ ትቀርቢያለሽ፣ ሁሉንም ትፈርሚላቸዋለሽ። የዚያኔ እኔ ሰባ ዘጠኝ፣ አንቺ ሰባ አንድ እንሆናለን፤ ትክክለኛውን ነው የጻፍኩት።

እኔ ካርድ አላገኝም። በሰባት ዓመት የሚበልጠኝ፣ ስወለድ ያየኝ ሰው አንድም በሕይወት የለም። አንቺን ግን እኔ አይቼሻለሁ። ሐሙስ ነበር፣ ከሰዓት፣ ውኃው ለብ ያለ። ምዬበታለሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ትገቢያለሽ።

እህትሽ